ገዢው «ተውኩት» ሲል ቀብዱ የማን ነው?

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲል እንዲህ ይላል።

«ጀሞ ያለውን ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየማችንን በ6 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ለመሸጥ ተስማማን። ደላላው ባለበት፣ ሦስት ምስክሮች ፈርመውበት፣ እቤታችን ውስጥ ‹የቀብድ ውል› ተፈራረምን። ባለቤቴም ፈርሟል። ገዢው 400 ሺህ ብር በባንክ አስገባልን። ቀሪውን በ45 ቀን ውስጥ ውልና ማስረጃ ቀርቦ በባንክ ብድር እንደሚከፍል ተጽፏል። እኛም እሱን ተማምነን ለምንገዛው ቤት 300 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠን። ቀኑ ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው ደውሎ ‹ባንኩ የገመተው ከዋጋው በጣም ያነሰ ነው፤ አልቻልኩም፤ ቀብዴን መልሱልኝ› አለ። ደላላው ደግሞ ‹ቀብዱን ብሉት፤ ሌላ ገዢ ዛሬውኑ አመጣለሁ› ይላል። ምን ይሻለናል?»

መጀመሪያ የማይደረገውን ልንገርዎ። ከሌላ ገዢ ሳንቲም እንዳትቀበሉ። ዛሬም፣ ነገም። ሰውየው «አልቻልኩም» ያለው በስልክ ነው። ወረቀቱ ግን ገና አንድ ሳምንት ይሰጠዋል። ነገ ዘመድ ገንዘብ ቢሞላለት ወይም ሌላ ባንክ እሺ ቢለው፣ በ44ኛው ቀን ሲፒኦ (የባንክ ክፍያ ማዘዣ) ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ከሌላ ሰው ቀብድ ተቀብላችሁ ከተገኛችሁ ውል አፍራሾቹ እናንተ ናችሁ። ቀብድ ተቀብሎ ለሚያፈርስ ሰው ሕጉ ያስቀመጠው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ መመለስ ነው። 800 ሺህ ብር ማለት ነው። በላዩ ላይ «አንድ ቤት ለሁለት ሰው ሸጡ» የሚል የማታለል አቤቱታ ፖሊስ ጣቢያ ቢገባ ሌላ ራስ ምታት ይሆናል።

ደላላው «ብሉት» ማለቱ አይገርምም። ሁለተኛ ሽያጭ ለእሱ ሁለተኛ ዕድል ነው። ክስ ከመጣ ግን መጥሪያው የሚደርሰው ለእናንተ ነው። እሱ ያን ጊዜ ቢበዛ ምስክር ነው፤ ስልክ ካነሳ።

አሁን ወደ 400 ሺህ ብሩ እንምጣ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ የሚናገረው በሦስት አጫጭር አንቀጾች ነው፤ ከ1883 እስከ 1885። አንደኛው ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው ይላል። ሁለተኛው ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ እንደሚመለስ ወይም ከዋጋው እንደሚታሰብ ይደነግጋል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሦስተኛውን ነው። የሰጠው ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ ነው።

ብዙ ሻጭ ይህን አንቀጽ እንደ ቅጣት ያነበዋል። እኔ የመውጫ ዋጋ አድርጌ ነው የማነበው። ሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ገንዘቡን ትቶ ከውሉ መውጣት ይችላል ይላል። ገዢው ቀብዱን ትቶ ከሄደ እንግዲህ የተፈቀደለትን አደረገ። ስለዚህ «ቀብዱንም እወስዳለሁ፣ ኪሳራዬንም አስከፍለዋለሁ» የሚል ሰው በአብዛኛው አይሳካለትም፤ ውሉ ላይ የተለየ ነገር ካልተጻፈ በቀር።

የተለየ ነገር ተጽፎ እንደሆነ ለማየት ውሉን አውጥታችሁ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቡ። «ውሉን ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ብር ይህን ያህል፣ ለመንግሥት ብር ይህን ያህል ይከፍላል፤ ውሉም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው» የሚል እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው እየተገለበጠ ዘመናትን የተሻገረ መስመር ነው። «ለመንግሥት» የሚለውን እርሱት። መንግሥት የቤታችሁ ውል ውስጥ የለበትም፤ መጥቶም አይጠይቅም። «ለውል አክባሪው» የሚለው ግን ቀልድ አይደለም። ሕጉ የመቀጮ ስምምነት ይለዋል። ምን ያህል እንደተጎዳችሁ ሳታስረዱ የምትጠይቁት ገንዘብ ነው። ቀብድና መቀጮ አንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ጠበቆች ይነታረካሉ። ቀብዱ መውጫ ከሆነ መቀጮው ምን ሊሠራ ገባ? የእኔ ምክር ሁለቱንም አንድ ላይ ለመሰብሰብ አለመሞከር ነው። የሚሻላችሁን አንዱን ይዛችሁ ቁሙ።

ወረቀቱ ገንዘቡን ምን ብሎ እንደጠራውም እዩ። «ቀብድ» ካለ መልካም። «ከዋጋው ላይ ቅድሚያ ክፍያ» ብቻ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቅድሚያ ክፍያ ውሉ ሲፈርስ ይመለሳል። እናንተ የምትይዙት ካለ የደረሰባችሁን ጉዳት አስረድታችሁ ነው። የባንክ ማስተላለፊያው ምክንያት ቦታ ላይ ገዢው ምን ብሎ እንደጻፈም ተመልከቱ። «የቤት ቀብድ» የሚል ሁለት ቃል ፍርድ ቤት ውስጥ ብዙ ይሠራል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚቆመው ግን ወረቀታችሁ በሕግ ዓይን ውል ከሆነ ነው። ትልቁ ጣጣ እዚህ ላይ ነው።

አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት መብት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት ይላል። አዲስ አበባ ላይ ያ ውልና ማስረጃ ነው። አንቀጽ 1720 ደግሞ ሕግ ያዘዘውን ፎርም ያልጠበቀ ውል ረቂቅ ብቻ ነው ይላል። «የእኛ እኮ ዋናው ሽያጭ አይደለም፤ የቀብድ ውል ነው» የሚል መከላከያ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አንቀጽ 1721 ይህን በር ዘግቶታል። ለዋናው ውል የታዘዘው ፎርም ለቅድሚያ ውሉም ይሠራል። ሦስት ምስክር መኖሩ ጥሩ ነው፤ ምዝገባን ግን አይተካም።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህንኑ አጥብቆ ወስኗል። ሥልጣን ባለው አካል ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት አይጸናም አለ። ያ ውሳኔ ስንቱን «ቤቱን ሸጫለሁ» እና «ቤቱን ገዝቻለሁ» ባይ አስደንግጧል። የገዢው ጠበቃ ይህን ይዞ ቢመጣ ክርክሩ አጭር ነው። «ውሉ ረቂቅ ነው፤ ረቂቅ ላይ የተሰጠ ቀብድም ቀብድ አይደለም፤ ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት ይመለሱ፤ 400 ሺህ ብሬ ይመለስ።»

ከዚያ ውሳኔ በኋላ ደግሞ ተዋዋዮቹ ውሉን መዋዋላቸውን ሳይካካዱ ሲቀሩ ችሎቱ ነገሩን ለዘብ አድርጎ ያየባቸው ጉዳዮች አሉ። አንቀጽ 2877 የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ይሁን ከማለት አልፎ ስለ ምዝገባ አያነሳም የሚሉ ጠበቆችም አሉ። የእናንተ ገዢ ፊርማውን አልካደም። ገንዘቡንም በባንክ ነው የላከው። ስለዚህ ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። ግን «ቀብዱ በሕግ የእኛ ነው፤ አለቀ» ብሎ ደረት መንፋት የሚያስችል ወረቀትም የላችሁም። ይህን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ከገዢው ጋር የምትነጋገሩበትን ድምፅ የሚወስነው ይህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቀብዱን ይዛችሁ ዝም ብትሉ ገዢው ክስ ከፍቶ ቤቱ ላይ እግድ ሊጠይቅ ይችላል። እግድ ከወጣ ለመሬት አስተዳደርም ለውልና ማስረጃም ይጻፋል። ካርታችሁ ይታሰራል። ክርክሩን በመጨረሻ ብታሸንፉ እንኳ እስከዚያ ድረስ ቤቱን ለማንም አትሸጡትም። ደላላው የሚያመጣው «ሌላ ገዢ» የእግድ ማጣሪያ ሲያሠራ ይህን አይቶ ይሸሻል። 400 ሺህ ብር ለማዳን 6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት ማስቆለፍ ነው።

ገዢው ያቀረበው ምክንያትስ? እውነት ሊሆን ይችላል። የባንክ መሐንዲስ ቤት ሲገምት ገበያው የሚለውን ዋጋ አይከተልም፤ የራሱ ስሌት አለው። ባንኩ ደግሞ ከግምቱ ላይ በመቶኛ ነው የሚያበድረው። ለምሳሌ ቤታችሁን 4 ሚሊዮን ገምቶ 70 በመቶ ቢሰጠው 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ነው። ከቀብዱ ሌላ 3 ሚሊዮን ብር ከኪሱ ማምጣት አለበት። በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አበጅቶ ነበር። በኋላ ጣሪያው ከፍ ቢልም ብድር እንደ ቀድሞው እንደልብ አይደለም። «ውሸታም ነው» ብላችሁ አትነሱ ለማለት ነው።

እውነት መሆኑ ግን ከግዴታው አያወጣውም። ገንዘብ ማጣት ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አይደለም። ወሳኙ የውሉ ቃል ነው። «ቀሪውን በባንክ ብድር ይከፍላል» የሚለው በእኔ ንባብ ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል ይናገራል እንጂ ብድሩ ካልተፈቀደ ውሉ ይቀራል አይልም። «ባንኩ ከፈቀደ» ወይም «ብድሩ ሲፈቀድ» የሚል ከሆነ ግን ብድሩ ቅድመ ሁኔታ ሆነ ማለት ነው። ያን ጊዜ ገዢው ቀብዱን አስመልሶ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። አንድ ቃል ስለሆነ ደግማችሁ አንብቡት። በሌላ በኩል ባንኩ የካርታ ኮፒ ሲጠይቅ አዘግይታችሁ ከሆነ፣ ወይም መሐንዲሱ ሲመጣ በር ተዘግቶ ከጠበቀው፣ ጥፋቱን ወደ እናንተ ያዞረዋል።

ስለ ቤቱም ራሳችሁን ፈትሹ። የ20/80 የንግድ ባንክ ብድር አልቆ እዳው ከካርታው ተነስቷል? የአምስት ዓመት የመሸጥ ክልከላው አልፏል? ጀሞ ከሆነ አልፎ ይሆናል። ባለቤትዎ መፈረማቸው በጣም ጥሩ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ቤት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃልና። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን «እናንተም ልታስረክቡኝ አትችሉም ነበር» ይላችኋል። ልክም ነው።

ታዲያ በዚህ ሳምንት ምን ይደረግ? ስልክ ላይ አትከራከሩ። አጭር መልእክት ላኩለት፤ በቴሌግራምም በኤስኤምኤስም። «በስልክ የነገሩንን በጽሑፍ ይላኩልን፤ ሐሳብዎን በትክክል ለመረዳት ነው» በሉት። ያለ ዛቻ፣ ያለ ስድብ። ሁለት ነገር ሊመጣ ይችላል። ወይ «አዎ፣ አልገዛም» ብሎ ይጽፋል፣ ወይ «እየሞከርኩ ነው፣ ጊዜ ስጡኝ» ይላል። ሁለቱም ይጠቅሟችኋል። አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀ ሕጉ ማስጠንቀቂያ መስጠትን እንኳ አያስገድድም፤ አንቀጽ 1775 ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለተላከ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አያጣም ስለሚል የቴሌግራሙን መልእክት አታጥፉ። ስልክ ቀይራችሁ እንዳይጠፋባችሁ ስክሪንሾቱን ሌላ ቦታም አስቀምጡ።

የማይጽፍ ከሆነ 45ኛውን ቀን ጠብቁ። በዕለቱ ከባለቤትዎ ጋር ካርታውን፣ መታወቂያችሁን፣ የጋብቻ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ውልና ማስረጃ ሂዱ። ገዢው እንደማይመጣ ብታውቁም ሂዱ። ከአንድ ቀን በፊት «ነገ በዚህ ሰዓት እዚያ ነን» የሚል መልእክት ላኩለት። ከምስክሮቹ አንዱ አብሯችሁ ቢሄድ ደግ ነው። ኋላ «ሻጮቹ ዝግጁ አልነበሩም» የሚል ቢመጣ መልሱ ይህ ነው። ሰዎች ይህን እንደ ከንቱ ልፋት ያዩታል። እኔ ከጠበቃ ደብዳቤ አስበልጬ አየዋለሁ።

ቀኑ ካለፈ በኋላ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። ከዚያ በፊት የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ ዋጋ የለውም፤ ግዴታው ገና አልደረሰማ። ርዝመት አያስፈልገውም። እንዲህ ቢሆን ይበቃል።

«ጉዳዩ፦ የቤት ሽያጭ ውል ግዴታዎን እንዲፈጽሙ ስለማስጠንቀቅ። በዚህ ቀን በተፈራረምነው ውል የቤቱን ቀሪ ዋጋ ብር 5,800,000 እስከዚህ ቀን ከፍለው ውሉን ውልና ማስረጃ ቀርበው ለመፈረም ግዴታ ገብተዋል። ቀኑ አልፏል። እኛ በዕለቱ ሰነዶቻችንን አሟልተን ቀርበናል። ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ግዴታዎን ካልፈጸሙ ከዚያ በኋላ የሚቀርብ ክፍያ የማንቀበል፣ ውሉን የምናፈርስ፣ በውሉና በሕጉ ያለንን መብት የምንጠቀም መሆኑን እናሳውቃለን።»

ቀኖቹን ሞሉት። ሁለታችሁም ፈርሙበት። በአደራ ደብዳቤ ወይም በኢኤምኤስ ፖስታ ቤት ላኩት፤ ደረሰኙንም ያዙ። ፎቶውን በቴሌግራም ድገሙለት። ሕጉ የሚጠይቀው የጊዜ ገደቡ ምክንያታዊ እንዲሆን ነው። ለ5 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር «በ48 ሰዓት ውስጥ» ብሎ መጻፍ ዳኛ ፊት አያምርም።

«አስገድደነው እንዲገዛ ማድረግ አንችልም?» የሚል ጥያቄም ይመጣ ይሆናል። ውል እንዲፈጸም መጠየቅ በመርህ ደረጃ አለ። ገንዘብ የሌለውን ሰው ግን ፍርድ ቤት ገንዘብ እንዲኖረው አያደርገውም። ባልተመዘገበ ውልማ ጨርሶ አትሞክሩት።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው መንገድ ድርድር ነው። ከደላላው ውጭ፣ ሁለቱም ወገን የሚያከብሩት አንድ ሁለት ሽማግሌ ባሉበት። መጀመሪያ ውሉን ማዳን ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ጉድለቱ ስንት ነው? 300 ሺህ ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ 3 ሚሊዮን ከሆነ ሌላ። ተጨማሪ 30 ቀን ቢያገኝ ይሞላል? ሌላ ባንክ ሞክሯል? ጊዜ የምትሰጡ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን፤ ተጨማሪ ቀብድ ጠይቁ፤ እንዲያውም በዚያው ውልና ማስረጃ ሂዳችሁ ውሉን በወጉ አስመዝግቡት። ያኔ ወረቀታችሁ እውነተኛ ውል ይሆናል።

የማይድን ከሆነ ስንት ይዛችሁ ስንት ትመልሳላችሁ? ሕጉ የሚሰጠው ቁጥር የለም። እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን በመጀመሪያ እውነተኛ ጉዳቴን እጽፋለሁ። በዚህ አንድ ወር ተኩል ቤቱን ከገበያ አውጥታችኋል። ለሌላው ቤት የሰጣችሁት 300 ሺህ አደጋ ላይ ነው። ምናልባት ተከራይ አስወጥታችሁ ኪራይ ቀርቶባችኋል። ከዚያ የቤቱን የዛሬ ዋጋ እጠይቃለሁ። ዋጋው ከተዋዋላችሁበት ቀን ወዲህ ከፍ ብሎ ከሆነ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ሰውየው መተዉ ጠቅሟችኋል። ያን ጊዜ ከ400 ሺው ላይ 100 ወይም 150 ሺህ ይዞ ቀሪውን መመለስ ሁለት ዓመት ከመካሰስ ይሻላል። ዋጋው ወርዶ ከሆነና 300 ሺውም የማይመለስ ከሆነ ግን ወደ ሙሉው ቀብድ ጠጋ ብሎ መቆም ተገቢ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በንዴት ነው የሚወስነው። «ያታለለን ሰው ሳንቲም አያይም!» ይላል። ጠበቃ ቤት ሲደርስ ክፍያውን ሰምቶ ይበርዳል።

የተስማማችሁት ምንም ይሁን ምን በወረቀት ካልተዘጋ አልተዘጋም። በውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ መደበኛ ይርጋው 10 ዓመት ነው። የዛሬ አራት ዓመት፣ ቤቱ እጥፍ ሲያወጣ፣ «እኔ እኮ ገዝቼው ነበር» የሚል ሰው በር ላይ እንዲያንኳኳ አትፈልጉም። ስለዚህ የውል ማፍረሻ ስምምነት ይጻፍ። ውሉ በስምምነት መፍረሱ፣ ስንት ብር እንደተመለሰ፣ ስንት ብር ሻጭ ዘንድ እንደቀረና ለምን እንደቀረ፣ ከእንግዲህ አንዱ በሌላው ላይ ምንም ጥያቄ እንደሌለው ይስፈር። የቀድሞዎቹ ምስክሮች ይፈርሙ። ዋናውን ውል ሁሉም ኮፒ ያለው ሰው ይመልስ፤ ደላላው ጭምር። ውሉ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ማፍረሻውም እዚያው መመዝገብ ነበረበት። ባይመዘገብም ማፍረሻውን ውልና ማስረጃ ብታስፈርሙት አይጎዳችሁም።

ከዚህ ጋር አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ለገዢው ወይም ለደላላው «ጉዳይ እንዲያስፈጽም» ብላችሁ ውክልና ሰጥታችኋል? አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደ ነው። ከሰጣችሁ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ሻሩት፤ መሻራችሁንም ለተወካዩ በጽሑፍ አሳውቁ። የመሸጥ ሥልጣን ያለው ውክልና በሰው እጅ ቀርቶ ቤቱ ለሦስተኛ ሰው ሲተላለፍ ያየ ሰው ይህን ምክር ሁለቴ አይጠይቅም። ቁልፍ ሰጥታችሁ ከሆነም ተቀበሉ።

ገንዘቡን ስትመልሱ በጥሬ አትስጡ። ለደላላውም አትስጡ። ከመጣበት ሒሳብ ወደዚያው ሒሳብ ይመለስ፤ ምክንያቱ ላይም «ከፈረሰ የቤት ሽያጭ ውል ተመላሽ» ተብሎ ይጻፍ። አሁን እጃችሁ ላይ ከሌለ፣ ለሌላው ቤት ከፍላችሁታልና፣ የመመለሻ ቀን ቁረጡ። «ቤቱ ሲሸጥ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት፤ ገዢው አይቀበለውም፤ ቢቀበለውም መጨረሻ የሌለው እዳ ነው። «ቤቱ እንደተሸጠ፣ ቢዘገይ ግን ከሦስት ወር ባልበለጠ» ማለት ይቻላል።

አሁን ደግሞ የምትገዙት ቤት። በዚያ ውል እናንተ ራሳችሁ ገዢ ናችሁ። ለሻጩ ዛሬውኑ ንገሩት። ቀኑ እስኪያልፍ ተደብቆ መቆየት የከፋ ነው። ጊዜ እንዲጨምርላችሁ ለምኑት። የእናንተ ገዢ መሸሹ ለእሱ ምክንያት አይሆነውም፤ ውሉ ላይ «የራሳችን ቤት ሲሸጥ» የሚል ካልገባ በቀር። እምቢ ካለ 300 ሺው ይቀራል። ግን ያ ውል የተፈረመው ውልና ማስረጃ ነው ወይስ እንደ እናንተው እቤት ውስጥ? እቤት ከሆነ ገዢያችሁ በእናንተ ላይ የሚያነሳው የ1723 ክርክር ለእናንተም በዚያኛው ሻጭ ላይ ይሠራል። ፍትሐዊ ነው ወይ ብትሉኝ እኔም አንገቴን አዟዙራለሁ። ሕጉ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ስለዚህ ለገዢያችሁ «ፎርም አልተሟላም ማለት ነውር ነው» እያላችሁ ለዚያኛው ሻጭ ያንኑ ክርክር ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ሽማግሌዎቹ ይሰማሉ።

በጽሑፋችሁ አላነሳችሁትም እንጂ ገዢው የፈረመው ለራሱ ነው ወይስ ውጭ አገር ላለ ዘመዱ? አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለች እህት ገንዘብ ትልካለች፣ ወንድም እዚህ ይፈርማል፤ ብዙ ነው እንዲህ ያለው። የመግዛት ውክልና ሳይኖረው በእህቱ ስም ከፈረመ ማፍረሻውንም እሱ ብቻውን ቢፈርም አይበቃም። የእሷ ውክልና፣ እዚያ ካለ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ መምጣት አለበት።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ደላላው ያንን «ሌላ ገዢ» ያምጣ። ኮሚሽኑ መቼ እንደሚከፈለው አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ስም ሲዛወር ቢሆን ይመረጣል። ከአዲሱ ገዢ ጋር ደግሞ እቤት ውስጥ አትፈራረሙ። ቀብዱ የሚሰጥበት ቀንና ውልና ማስረጃ የሚኬድበት ቀን አንድ ይሁን። በባንክ ብድር የሚገዛ ከሆነ ባንኩ ቤቱን አይቶ ግምቱን ከጨረሰ በኋላ ተዋዋሉ። ውሉ ላይም አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ባንኩ የሚፈቅደው ብድር ከሚጠበቀው ቢያንስ ወይም ጨርሶ ባይፈቀድ ገዢ ልዩነቱን ከራሱ ይከፍላል፤ ካልከፈለ የሰጠው ቀብድ ለሻጭ ይሆናል።» ገዢው ይህን መስመር አልፈርምም ካለ፣ ገንዘቡ እጁ ላይ እንደሌለ ገና ሳትዋዋሉ አወቃችሁ ማለት ነው።